ናስን በአንድ ኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ባካፕ መያዝ፦ ያለ ራውተር፣ ያለ ኢንተርኔት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙ አይርቅም። ሰፈሩን እወደዋለሁ፤ አየሩ ደስ ይላል፣ ኪራዩም ከመሀል ከተማ ይሻላል። ሁለት ነገር ላይ ግን ልባችሁን አትጣሉ፦ መብራትና ኢንተርኔት። ስለዚህ «ፋይልህን ክላውድ ላይ አስቀምጠው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ሻይ ጋብዤ ወሬ እቀይራለሁ።

በሶስት ካሜራ በ4ኬ የተቀረጸ ሰርግ 400 ጊጋባይት አካባቢ ይይዛል። መልስና ቅልቅል ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ይሄን ሁሉ በቤት ኢንተርኔት እጭናለሁ ማለት ዘበት ነው። በኤክስተርናል ዲስክ ብቻ ልያዝ ካላችሁ ደግሞ መሳቢያው በዲስክ ይሞላል፤ የትኛው ላይ ምን እንዳለ ይጠፋችኋል። የሙሽራ እናት ከስንት ወር በኋላ ደውለው «ልጄ፣ የሰርጉ ቪዲዮ አለ አይደል?» ሲሉ በሙሉ አፍ «አለ እማማ» ማለት መቻል አለባችሁ።

የኔ መፍትሄ ናስ ነው። ናስ ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ያለው የሃርድ ዲስክ ሳጥን ነው፤ ፋይል የሚቀበለውም የሚሰጠውም በኔትወርክ ኬብል ነው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። አብዛኛው ሰው ራውተር ላይ ይሰካውና በዋይፋይ ይጠቀማል። እኔ የምሰካው ቀጥታ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። በመሀል ራውተር የለም፣ ስዊች (ብዙ ኬብል አንድ ላይ የሚያገናኝ ሳጥን) የለም።

ለምን ቀጥታ? አንደኛ ፍጥነት። 1 ጊጋቢት የሚባለው መስመር በወረቀት ላይ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር 110 አካባቢ ይሰጣል። 400 ጊጋው በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ብዙ ርካሽ የቤት ራውተሮች ግን የኬብል መሰኪያቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። በነሱ በኩል ካለፋችሁ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው የምታገኙት፤ ያው ሰርግ 10 ሰዓት ይፈጃል። 10 ሰዓት ሙሉ ብልጭ ሳይል የሚቆይ መብራት ያለው ሰው እሱን መጠበቅ ይችላል። እኛ ጋ እንተወው።

ሁለተኛው ደህንነት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 መጀመሪያ ዴድቦልት የተባለ ቫይረስ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ናሶች ውስጥ እየገባ ፋይል ይቆልፍ ነበር። መክፈቻውን ይሸጥ የነበረው በቢትኮይን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሌለ ናስ ጋ ከውጭ በቀጥታ መድረስ አይቻልም። በኮምፒውተራችሁ በኩል ግን ሊገባ ይችላል፤ እሱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

ታች ፎቅ ያሉ ጎረቤቴ የሱቆች ሂሳብ ይሰራሉ። ናሱን ያዩ ቀን «አንተ ልጅ፣ ያለ ኢንተርኔት ኔትወርክ የሚባል ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። «አለ ጋሼ፤ ሁለት ማሽን በሽቦ ከተነጋገሩ በቃ ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። አልለቀቁኝም። ናሱ ጀርባ ያለውን ዩኤስቢ እያሳዩ «ታዲያ ለምን በዚህ አትሰካውም?» አሉ። ይሄ ጥያቄ ከብዙ ሰው ይመጣል። የናስ ዩኤስቢ ናሱን እንደ ፍላሽ ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኙበት አይደለም። እዚያ የሚሰካው ኤክስተርናል ዲስክ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ሳጥን) ነው። በዩኤስቢ ወይም በተንደርቦልት ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩ ጥቂት ሞዴሎች አሉ፤ ማኑዋሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን የእናንተ ከነሱ አይደለም። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ የዩኤስቢ ኬብል ፈልጋችሁ በግድ አታገናኙት።

የሚያስፈልገው እቃ

ሁለት ዲስክ የሚይዝ ናስ፣ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ሃርድ ዲስኮች፣ አንድ የኔትወርክ ኬብልና ዩፒኤስ። ዲስኩን ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ኮምፒውተር ላይ አሰክታችሁ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እዩት። ስንት ሰዓት እንደሰራ ይናገራል። የተበላሹ ሴክተሮች ካሉትም ቢጫ ወይም ቀይ ያሳያል። ቢጫ ካያችሁ አትከራከሩ፣ ዋጋም አታስቀንሱ፤ መልሱለት።

ላፕቶፓችሁ የኬብል መሰኪያ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ የሚቀይር አዳፕተር ግዙ። አዳፕተሩም የላፕቶፑ ቀዳዳም ዩኤስቢ 3 ይሁኑ። በዩኤስቢ 2 ከሄደ በሰከንድ 40 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

ኬብሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል ይሁን። ሱቁ ቆርጦ፣ ጫፉን ክሪምፕ አድርጎ (የፕላስቲክ መሰኪያውን ጨምቆ ገጥሞ) የሚሰጣችሁ ከሆነ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሩት። ሲሰካ ቀጭ የሚለው ምላሱ ወደ ታች፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው አፉ ከእናንተ ወደ ፊት ይሁን። በጠራው ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ። የተለመደው አደራደር ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ነው፦ ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡኒ፣ ቡኒ። ሌላኛው ጫፍም ያው መሆን አለበት። ሁሉም ሽቦ እስከ ፕላስቲኩ የፊት ግድግዳ ደርሶ፣ ከላይ ያለው ቢጫ ጥርስ ነክሶት መታየት አለበት። የኬብሉ የውጭ ልባስም ወደ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት፤ ሽቦዎቹ ውጭ ራቁታቸውን ከታዩ ነገ ሲጎተት ይነቀላሉ።

ለምን እንዲህ አጠብቃለሁ? 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው አራቱን ሽቦ ብቻ ነው፣ የብርቱካኑንና የአረንጓዴውን ጥንድ። 1 ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ቡኒው ጫፍ ያልደረሰ ኬብል «ይሰራል»። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ፋይሉም ያልፋል፤ ግን ባንድ አስረኛ ፍጥነት። ሰው ናሱን ያማል፤ ጥፋተኛው ግን ያቺ ቡኒ ሽቦ ናት። ዊንዶውስ ላይ የኢተርኔቱን (የኬብል ኔትወርኩን) ስታተስ ስትከፍቱ ስፒድ በሚለው ትይዩ 1.0 ጊጋቢት ካላያችሁ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ።

«ክሮስኦቨር ኬብል (በሁለቱ ጫፍ የሽቦው አደራደር የተቀያየረ) ያስፈልጋል» የሚላችሁ ሰው ካለ ድሮ የተማረውን ነው የሚነግራችሁ። የጊጋቢት መሰኪያዎች ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ተራው ኬብል ይበቃል።

አድራሻውን መስጠት

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ እንዲያውም ቀላሉ ቦታ ነው። ራውተር ሲኖር ለሁሉም አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው። እዚህ እሱ ስለሌለ እኛ እንሰጣለን። እንደ ኮንዶሚኒየም አስቡት፦ 10.10.10 ብሎኩ ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር የቤት ቁጥሩ። ሁለቱ አንድ ብሎክ ውስጥ መሆን አለባቸው፤ የቤት ቁጥራቸው ግን መለያየት አለበት። ኮምፒውተሩ 10.10.10.1፣ ናሱ 10.10.10.2 ይሁን። ሰብኔት ማስክ የሚለው ለሁለቱም 255.255.255.0 ነው።

በ192.168 የሚጀምረውን ለምን አልመረጥኩም? የቤት ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ ነው። ዋይፋዩና ኬብሉ አንድ ብሎክ ላይ ካረፉ ኮምፒውተሩ ናሱን በየትኛው በኩል እንደሚፈልግ ግራ ይገባዋል።

ናሱ አዲስ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ገና ምንም ሳትነኩ ሰክታችሁ አብሩት። አድራሻ የሚያድል ሲያጣ ናሱ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም አውቶማቲክ ላይ ካለ እንደዚያው ያደርጋል። ትንሽ ጠብቁና ለሲኖሎጂ «ሲኖሎጂ አሲስታንት»፣ ለኪውናፕ «ኪውፋይንደር ፕሮ» የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ። ናሱን ፈልጎ ያመጣላችኋል። ይሄን ፕሮግራም ቀድማችሁ አውርዱ። አዲስ ሲኖሎጂ የሚሰራበትን ሲስተም ከኢንተርኔት ላውርድ ስለሚልም ለሞዴላችሁ የሚሆነውን ፋይል ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነበት ቦታ፣ ከድርጅቱ ድረገጽ ላይ በፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ሲጠይቅ «ከኮምፒውተሬ ልጫን» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ዲስኮቹ ላይ የነበረው ሁሉ በዚህ ጊዜ ይጠፋል፤ ባዶ መሆናቸውን ቀድማችሁ እዩ። ሁለቱን ዲስክ ሬይድ 1 አድርጓቸው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ስራ አይቆምም።

ሲስተሙ ሲነሳ በሲኖሎጂ ኮንትሮል ፓነል፣ ኔትወርክ፣ ኔትወርክ ኢንተርፌስ ትገቡና ላን 1ን ኤዲት ብላችሁ በእጅ 10.10.10.2 ትጽፋላችሁ። ሴቭ ስትሉ ገጹ ቀጥ ይላል። አትደንግጡ፤ ናሱ ቤት ቀይሮ ነው። አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ኑ። በዊንዶውስ የድሮውን ኮንትሮል ፓነል ክፈቱ። ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር ገብታችሁ፣ በግራ በኩል ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ የሚለውን ተጫኑ። ኢተርኔት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4። 10.10.10.1ን ከነማስኩ ጻፉ።

ዲፎልት ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ተዉት። ዲኤንኤሱንም እንደዚያው። እዚህ የናሱን ቁጥር የሚጽፍ ሰው አያጋጥማችሁ አይባልም፤ ከዚያ «ናሱን ስሰካ ኢንተርኔቴ ይጠፋል» ይላል። ጌትዌይ ማለት ከብሎኩ መውጫ በር ነው። ናሱን መውጫ ካላችሁት ኮምፒውተሩ ዋይፋዩን ትቶ በማይወጣበት በር ሊወጣ ይሞክራል። ባዶ ከሆነ ኢንተርኔቱ በዋይፋይ፣ ባካፑ በኬብል፣ ሁለቱም በሰላም ይሄዳሉ። ኬብሉ ላይ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ምልክት ይወጣል። የለማ! እንዲኖርም አልፈለግንም።

ከዚያ ብራውዘር ላይ ለሲኖሎጂ 10.10.10.2:5000፣ ለኪውናፕ 10.10.10.2:8080 ብላችሁ ስትጽፉ የናሱ ገጽ መከፈት አለበት።

ፎልደሩና ኮፒው

ናሱ ላይ «ሰርግ» የሚል የጋራ ፎልደር ፍጠሩ፤ ለሱ ብቻ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚም ከነፓስወርዱ ጨምሩ። በአድሚኑ ስም ባካፕ አትስሩ። ያለ ፓስወርድ ይግባ ብላችሁም አትድከሙ፤ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች አያስገቡትም። አሁን ፋይል ኤክስፕሎረር ከላይ ያለው የአድራሻ ቦታ ላይ \\10.10.10.2 ብላችሁ ኢንተር በሉ። ፎልደሩ ይመጣል። ኔትወርክ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ናሱ ባይታይም ግድ የለም፤ አድራሻውን እናውቀዋለን። ማክ ያላችሁ ፋይንደር ላይ ጎ ከሚለው ሜኑ ኮኔክት ቱ ሰርቨር ትላላችሁ፤ ታይም ማሽንንም ናሱ ላይ ማብራት ይቻላል።

ኮፒ ፔስት ለአንድ ቀን ይሰራል። በግማሽ ሲቋረጥ ግን የቱ እንዳለፈ የቱ እንደቀረ ማወቂያ የላችሁም። እኔ ፍሪፋይልሲንክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። በግራ የኮምፒውተሩን ፎልደር፣ በቀኝ የናሱን ትሰጡታላችሁ፤ አወዳድሮ የጎደለውን ብቻ ይወስዳል። መብራት ቢሄድ ከቆመበት አካባቢ ትቀጥላላችሁ። «ሚረር» የሚለውን ምርጫ ግን ተጠንቀቁ። ሚረር ማለት ናሱን ቁርጥ ኮምፒውተሩን አስመስለው ማለት ነው፤ ከኮምፒውተሩ ያጠፋችሁትን ከናሱም ያጠፋል። ቦታ ለማስለቀቅ ያለቀለትን ሰርግ ከኮምፒውተር የሚሰርዝ ሰው «አፕዴት» የሚለውን ይምረጥ፤ እሱ አዲሱንና የተቀየረውን ይጨምራል እንጂ አይሰርዝም።

ኮፒው ሲያልቅ የካሜራውን ካርድ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ከናሱ ላይ አንድ ሁለት ክሊፕ ከፍታችሁ እዩ። መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሀሉንም፣ መጨረሻውንም።

ከዚያ ኬብሉን ንቀሉት። ቀጥታ የማገናኘት ትልቁ ጥቅም ለኔ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ከገባ የሚደርስበትን ፎልደር ሁሉ ይቆልፋል፣ የተሰካውን ናስ ጭምር። ሬይድ 1 እዚህ አያድንም፤ የተቆለፈውን ፋይል በታማኝነት ሁለቱም ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። የተነቀለ ኬብል ግን አይታለፍም። ናሳችሁ ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ሰዓት የነበሩበትን ሁኔታ መዝግቦ መያዝ) የሚችል ከሆነ እሱንም አብሩት።

መብራት

ናስ እየጻፈ ድንገት ድርግም ማለትን አይወድም። ፋይል ይበላሻል፤ ሲብስ የዲስኩ አደራደር ራሱ ይናጋል። ስለዚህ ዩፒኤስ ትርፍ እቃ አይደለም። ሁለት ዲስክ ያለው ናስ ሲሰራ 20 ዋት አካባቢ ቢበላ ነው፤ ትንሽ ዩፒኤስም ደህና አድርጎ ያቆየዋል። ከዩፒኤሱ ጀርባ የሚወጣውን የዩኤስቢ ገመድ ናሱ ላይ ሰኩት። ከዚያ በሲኖሎጂ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሃርድዌር ኤንድ ፓወር፣ ዩፒኤስ ከሚለው ስር አብሩት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ናሱ ራሱ ስራውን ጨርሶ ይተኛል። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ እሱም ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ናሱ ብቻውን ቢተርፍ ኮፒው መቆረጡ አይቀርም። ፕሪንተርና ማሞቂያ ግን ዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰኩ!

መብራት ሲመጣ ናሱ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫም አለ። ለቢሮ ጥሩ ነው። እኔ አጥፍቼዋለሁ። እኛ ሰፈር መብራት መጥቶ፣ ብልጭ ብሎ፣ ተመልሶ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ሲመጣ ሃይሉ ይበዛል። ረጋ ማለቱን አይቼ በእጄ ማብራት እመርጣለሁ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ ኢንተርኔት የሌለው ናስ ሰዓቱን የሚያስተካክልለት የለም፤ ቀስ በቀስ ይዛነፋል። አንዳንዴ ገብታችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳስሉት። የዲስክ ምርመራውን በሌሊት ፕሮግራም ስታደርጉ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አትርሱ። የኛ ሌሊት 8 ሰዓት ለሱ 02:00 ነው። 8:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ስራ ልትጀምሩ ስትሉ፣ መንጫጫት ይጀምራል።

ናሱ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሌባም እሳትም አብሮ ያገኘዋል። ለዚህ ነው የዩኤስቢ ቀዳዳው የሚጠቅመው፦ ኤክስተርናል ዲስክ ሰክታችሁ ናሱ ራሱ ያለቁትን ሰርጎች እንዲገለብጥ ታደርጋላችሁ። የኔ ዲስክ እህቴ ቤት፣ ላፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ለበዓል ስንጠያየቅ ቀይረን እመለሳለሁ። ሳጥኑ ራሱ ቢቃጠልስ? ዲስኮቹን አውጥታችሁ ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩ አያነባቸውም፤ አደራደራቸው የሊኑክስ ነው። «ኢኒሻላይዝ ላድርግ?» ወይም «ፎርማት ላድርግ?» ሲላችሁ እምቢ በሉ። ያው ድርጅት የሰራው ተስማሚ ናስ ውስጥ ሲገቡ አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይነሳሉ፤ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰውም ሊያነባቸው ይችላል።

ታች ያሉት ጋሼም አሁን የሂሳብ ፋይላቸውን እዚሁ ናስ ላይ በራሳቸው ፎልደርና በራሳቸው ፓስወርድ ያስቀምጣሉ። ላፕቶፓቸው 10.10.10.3 ነው። ተራ በተራ መሰካት ከሰለቸን አንድ ትንሽ ጊጋቢት ስዊች ገዝተን ሶስቱንም እሱ ላይ እንሰካለን፤ አድራሻ የሚቀይር የለም።